የቀይ ቀበሮውን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር መንዝ ጓሳ ሄጄ ነበር። ብርዱን ተዉት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቀይ ቀበሮ አየን፤ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ እኛን ከቁብም አልቆጠረን። ሁላችንም ስልክ አወጣን። አብረውን የነበሩ የአካባቢው አባት ግን የሚያዩት እኛን ነበር። "ልጄ፣ እናንተ ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ። ሣሩን ዘግተን የምንቀመጠው እኛ ነን" አሉኝ።

አንዱ ጥቅሙን ሲወስድ ሌላው ወጪውን የሚሸከምበትን ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በግራፍ ተምሬዋለሁ። እንዲህ ቁልጭ ብሎልኝ ግን አያውቅም።

በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል። የመንዝ ሰው ሣሩን በቄሮ ሥርዓት (የምታውቁት ቄሮ አይደለም፣ ይሄ ሌላ ነው) ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆታል። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ ሕዝቡ መልኩን ቀይሮ መለሰው። ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብትን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ማስተዳደር እንደሚችሉ አሳይታ በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ወሰደች። የመንዝ ገበሬ መጽሐፏን አልጠበቀም።

ችግሩ አንድ ጓሳ ብቻውን አይበቃም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፤ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ጫፎች ተበትነዋል። የገብስ ማሳው በየዓመቱ ወደ ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ተራራ ደሴት ይሆናል። ደሴት ላይ የቀረ ጥቂት መንጋ ደግሞ እርስ በርሱ ይዋለዳል፤ አንድ ክፉ በሽታ ከገባ በቃ፣ አለቀ።

"ታዲያ ፓርክ ይደረጋ!" የሚል አይጠፋም። የባሌ ተራሮች ፓርክ መስከረም 2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ እኔም ፖስት አድርጌ ነበር። ግን ቀበሮው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚሻገረው በጠባብ መተላለፊያ ነው፤ በአካባቢው ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ ውሻ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ዌብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች እንዳይዛመት የተደረገው መተላለፊያው ላይ ያሉትን ቀበሮዎች በመከተብ ነው። ስለዚህ መንገዱ ያድናልም፣ ይገድላልም። ውሻውን የሚያስከትብ እረኛ ከአጥር በላይ ይሠራል።

እኔ የምለው ቀላል ነው። በተራሮቹ መካከል ያለችውን መሬት ሳያርስ ለተወ ገበሬ በየዓመቱ ይከፈለው፤ ውሻው በነፃ ይከተብለት፤ ከቱሪስት የሚገባው ገንዘብ ድርሻው ይድረሰው። ተራራው በወረዳና በክልል ወሰን አይቆምምና ዕቅዱም አንድ ላይ ይውጣ። "ደሃ አገር ነን፣ ከየት አምጥተን?" የሚለው ክርክር አይገባኝም። ሒሳቡ አሁንም እየተከፈለ ነው እኮ፤ የሚከፍለው ግን ከሁላችንም ያነሰ ያለው ሰው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለመግቢያና ለማደሪያ አራታችን የከፈልነው ቦሌ ከምንበላው አንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። እጥፍ ቢሆንም እንከፍል ነበር።