“ምን ገባበት?” ብለው ለሚጠይቁኝ አንባቢ

ውድ አንባቢዬ፣

ዛሬ ስለ ትኩሳት ልጽፍልዎ ነው፤ ገና ሳልጀምር ግንባርዎን ቋጠር ማድረግዎ ግን ይታየኛል። ትኩሳትንማ ለእርስዎ ማን ያስተምርዎታል! ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው ካተኮሰው ወባ ነው። ሰንበት ካለበት ታይፎይድ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ከሆነ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ይህን እውቀት አልንቅብዎትም፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ከሥሩ ግን አንድ ያልተመረመረ እምነት አለ፦ ሰውነት ከጋለ ከውጭ የገባ ነገር አለ የሚል። ክርክሬ ከእሱ ጋር ብቻ ነው።

እስቲ ይህን ልጅ ይመልከቱልኝ። ማታ ደህና አምሽቶ የተኛ ልጅ ጠዋት 39 ዲግሪ ያተኩሰዋል። ሆዱ ይገተራል፣ እጅ አያስነካም። ሐኪሙ “ትርፍ አንጀት ነው” ብሎ ቢከፍተው ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ በራሱ ይለቀዋል፤ ልጁ ምግብ ይጠይቃል፣ ኳሱን ይፈልጋል። ከሳምንታት በኋላ ይመለስበታል፤ ምናልባት አሁን ጎኑን ውጋት ይዞት ወይም አንድ ጉልበቱ አብጦ። ሕመሙ የሜዲትራኒያን የቤተሰብ ትኩሳት ይባላል፤ ሕመምተኞቹ በአጭሩ ኤፍ ኤም ኤፍ ይሉታል። በአርመኖች፣ በቱርኮች፣ በአረቦች፣ ከሰሜን አፍሪካና ከኢራቅ በመጡ አይሁድ ዘንድ ይበዛል። ከአሥር ሕመምተኞች ዘጠኙን የሚጀምራቸው 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

“ጀርሙ ተደብቆ ይሆናላ!” አሉኝ። ሐኪሞችም መጀመሪያ የሚያስቡት እሱኑ ነው። ደም ወስደው በቤተ ሙከራ ያቆዩታል፣ ምንም አይበቅልበትም። ምክንያቱ የታወቀው በ1997 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ አንዱ ዓለም አቀፍ፣ ሌላው የፈረንሳይ፣ በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ ኤም ኢ ኤፍ ቪ የሚባለውን ዘረመል ለየብቻ አገኙት። ይህ ዘረመል ፓይሪን የተባለ ፕሮቲን ያሠራል። ፓይሪን 781 አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ነው፤ በከባድ ሕመምተኞች ላይ በብዛት የሚታየው ለውጥ 694ኛው ቦታ ላይ በሜቲዮኒን ፈንታ ቫሊን መግባቱ ነው። ከ781 አንዱ ብቻ! ልጁን ያስጨነቀው ይኸው ነው።

ፓይሪን በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለ ዘበኛ ነው፤ ጠባዩ ግን ለየት ይላል። ሌባን በመልኩ አያውቅም። የሚያዳምጠው የግቢውን ውሻ ነው። ውሻው እስከጮኸ ድረስ ተኝቶ ያድራል፤ ውሻው ድንገት ዝም ካለ ግን “አንድ ሰው መርዞታል” ብሎ ሰፈሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል። ውሻው ሮ-ኤ የተባለ፣ የሴሉን ቅርጽና እንቅስቃሴ ከሚመሩት አንዱ የሆነ ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ አንጀት የሚያውከው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል፣ በመርዛቸው ሥራ ያስፈቱታል። ፓይሪን ይህን ጥቃት እየጠበቀ እንደሚኖር በ2014 ያሳየው የቤይጂንጉ ተመራማሪ የፌንግ ሻው ቡድን ነው። ብልሃቱ ያስደንቀኛል፤ የሌባ መልክ ይለዋወጣል፣ የተመረዘ ውሻ ዝምታ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

ዘበኛውን የሚያስተኛው ደግሞ ይህ ነው። ሮ-ኤ የሚያዛቸው ኢንዛይሞች ፓይሪን ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል፤ በዚያ ምልክት ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ይይዘዋል፣ እሱም ዝም ይላል። በተለወጠው ፓይሪን ላይ ይህ ማሰሪያ ላላ ይላል። ውሻው እየጮኸ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ዘበኛው ብድግ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥርዓት በእውነተኛ ወረራ ጊዜ ከሚሆነው አይለይም፦ ካስፔዝ-1 የተባለ ኢንዛይም ይነቃል፣ ኢንተርሉኪን-1ን ቆርጦ ለሥራ ያበቃዋል፣ የሴሉ ሽፋን ይበሳል፣ ኢንተርሉኪኑም ወደ ደም ይፈስሳል። መልእክቱ አንጎል ሲደርስ የሰውነት ሙቀት ከፍ እንዲል ይታዘዛል። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ሆድ፣ ወደ ሳንባና ወደ መገጣጠሚያ ስስ ሽፋኖች ይጎርፋሉ። ብግነቱ እውነተኛ ነው፣ ሕመሙም እንዲሁ፤ የሌለው ሌባው ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ጉንፋን ሲይዝዎም ቢሆን ሙቀቱን የሚጨምረው የገዛ አንጎልዎ ነው። ቫይረሱ ሰበብ ይሆናል እንጂ እሳቱን አያነድም።

“ሦስት ቀን ታሞ በአራተኛው ኳስ የሚጫወት ልጅ... ትምህርት ቤት ጠልቶ እንዳይሆን?” እንዲህ ማሰብዎን አውቄያለሁ፣ አይፈሩ። ብዙ ልጅ ይህን ሰምቷል። ጭንቀት፣ ብርድ፣ ድካም፣ በሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሕመሙን መቀስቀሳቸው ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። ነገር ግን ትኩሳቱ እያለ ደም ቢወሰድ የብግነት ምልክቶቹ ጣሪያ ነክተው ይገኛሉ። በአራተኛው ቀን ቢወሰድ ደግሞ “ምንም የለበትም” ተብሎ ወደ ቤት መሸኘት አለ።

“በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም” የሚሉም አሉ። ላይታይ ይችላላ! ብዙውን ጊዜ ለመታመም ሁለት የተለወጡ የዘረመሉ ቅጂዎች ያስፈልጋሉ። አባት አንድ፣ እናት አንድ ይዘው ሁለቱም ሳያማቸው ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ልጃቸው ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ስንጋባ ሁለት ቅጂ የሚሹ በሽታዎችን ሳናውቀው ስናርቅ ኖረናል፤ ለአያቶቻችን ምስጋና ይድረሳቸው። ሰባት ቤት የሚያዋጣው ግን ዘረመሉ ብርቅ ሲሆን ነው። ከአርመኖች መካከል (ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የአርባዎቹ ልጆች ወገኖች ናቸው፣ ባዳ አይምሰሉዎት) ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው። እዚያ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የመጣ ሙሽራም ይዞት ሊመጣ ይችላል።

አሁን ከባዱን ጥያቄ አመጡ፦ “ይህን ያህል የሚጎዳ ነገር ከሆነ እንዴት እስከ ዛሬ አልጠፋም?” ሳልጠየቅም ልነግርዎ የጓጓሁት ይህን ነው። የቸነፈር ባክቴሪያ፣ የርሲኒያ ፔስቲስ፣ ሮ-ኤን የሚያጠፋ መርዝ አለው። እንዲያማ ከሆነ ዘበኛው ይነቃበት ነበር፤ ስለዚህ ዘበኛውን የሚያስተኛ ሌላ ፕሮቲን ደርቦ ይመጣል። በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከቱርክ ባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳተሙት፣ ይህ ማስተኛ የተለወጠውን ፓይሪን በሚገባ አይዘውም። አንድ የተለወጠ ቅጂ ብቻ ያላቸው ጤነኛ ሰዎች ሴሎች እንኳ ለቸነፈሩ ባክቴሪያ ጠንከር ያለ ምላሽ ሰጡ፤ ለውጡ ያላቸው አይጦችም ከሌሎቹ በተሻለ ተረፉ። ዋና ዋናዎቹ ለውጦች ከ2000 ዓመት በፊት እንደተነሡ ተገምቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቸነፈር የሜዲትራኒያንን ዳርቻ ደጋግሞ አጭዷል። የአይጥ ማስረጃ ስለ ሰው ታሪክ የመጨረሻ ቃል አይሆንም፤ እኔ ግን አምኜዋለሁ። ዛሬ በከንቱ የሚጮኸው ዘበኛ ያኔ ብዙ ቤት ሳያድን አልቀረም።

መድኃኒቱስ? የቆየ የሪህ መድኃኒት ነው፤ ኮልቺሲን ይባላል፣ ከአበባ የሚገኝ። በ1972 ጎልድፊንገር የተባለ የቦስተን ሐኪም ለአንድ የሕክምና መጽሔት በላከው አጭር ደብዳቤ ይህ መድኃኒት ትኩሳቱን እንደሚከላከል አስታወቀ (ደብዳቤ እንዲህም ይጠቅማል!)። ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ 11 ሕመምተኞች ላይ ተፈተነ፤ የማስመሰያ ክኒን ሲወስዱ 38 ጊዜ ታመሙ፣ ኮልቺሲኑን ሲወስዱ 7 ጊዜ። ሥራውን በከፊል የሚሠራው የሴሉን ውስጣዊ አውታር ነክቶ ሮ-ኤን በማነቃቃት ነው፤ ውሻውን ያበረታልና ዘበኛው ይረጋጋል። ይህ ላልበቃቸው ጥቂቶች ኢንተርሉኪን-1ን የሚያግዱ መርፌዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም።

“ደህና ሲሆን ለምን መድኃኒት ይውጣል?” አሉኝ። ትልቁ አለመግባባታችን እዚህ ላይ ነው፤ ኮልቺሲን የሚዋጠው በየዕለቱ፣ በደህናውም ቀን ነው። ብግነቱ በተደጋገመ ቁጥር አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ቀስ እያለ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። ከኮልቺሲን በፊት ብዙ ሕመምተኞች የሞቱት በኩላሊት መድከም ነበር፣ ያውም በወጣትነት። በ1986 ከእስራኤል የወጣ ጥናት 1070 ሕመምተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። መጀመሪያ አሚሎይድ ካልታየባቸው 960ዎቹ መካከል መድኃኒቱን እንደታዘዘው ከወሰዱት ብዙኃን የኩላሊት ጉዳት ምልክት የታየው በ4 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። “በትክክል አልወሰድንም” ብለው ካመኑት 54ቱ ግን በ16ቱ ላይ ታየ። ደህና ያደረገው ክኒኑ ራሱ ከሆነ፣ ደህና ነኝ ብሎ መተዉን ምን ይሉታል?

“ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?” ይሉኝ ይሆናል በመጨረሻ። አገርዎ ላይ ከሆኑ ትኩሳት ሲደጋገም ወባውንና ግርሻውን አስቀድመው ያስመርምሩ፤ እነሱ ይብሳሉ። ነገር ግን ይህን የሚያነቡት ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥረው፣ የሌላ ሰው ልጅ እያሳደጉ ቢሆንስ? ልጁ በየወሩ ሲያተኩሰው ሌሊቱን አብረውት የሚያድሩት እርስዎ ነዎት፤ ትኩሳቱ ጠዋት ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ማታ እንደሚለቅ ከእናቱ በፊት ያስተዋሉትም እርስዎ ይሆናሉ። ይጻፉት፦ የጀመረበትን ቀን፣ የለቀቀበትን ቀን፣ ያመመውን ቦታ፣ የቴርሞሜትሩን ቁጥር። ሦስት አራት ጊዜ ከሆነ ወረቀቱን ለእመቤቲቱ ይስጧት፤ ሐኪሙ ዘንድ ይዛው ትሂድ፣ ደም የሚወሰደውም ልጁ እያተኮሰው ይሁን።

አክባሪዎ