ረቂቁ ሳይጸድቅ ለሁሉም ይድረስ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የሕዝብ እንደራሴዎችና ነጋዴዎች ስለ ዲጂታል ሥራ ተገናኝተው መመካከራቸው የሚደገፍ ነው። ዳሩ ግን ምክክር የተባለው ነገር በአዳራሽ ተሰብስቦ፣ ንግግር አሰምቶና ሻይ ጠጥቶ መለያየት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ስለምሠጋ፣ ይህችን አጭር አሳቤን በዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አዋጅ አላነሰንም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ በ2012 ዓ.ም.፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ዓ.ም.፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ነገር ግን አዋጅ መሠረቱን ይጥላል እንጂ፣ የነጋዴውን የዕለት ሥራ የሚወስነው ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው መመሪያ ነው። ለምሳሌ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ በ2003 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ባንክ ያልሆነ ድርጅት በስልክ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ፈቃድ የሚያገኝበት በር የተከፈተው ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረውም ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በመመሪያ የተከፈተ በር በመመሪያ ሊዘጋም እንደሚችል ማስተዋል ይገባል።

ሕጉም ይህን ረስቶ አላለፈውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል። ታላቁ ኩባንያ ጠበቃ ስላለው ረቂቁን ፈልጎ ያገኛል፤ አስተያየቱንም ጽፎ ያቀርባል። በደሴ ወይም በጅማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ለሱቆች የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶች ግን ስለ መመሪያው የሚሰሙት ከጸደቀ በኋላ፣ ምናልባትም ቅጣት ሲደርስባቸው ይሆናል።

የቋንቋውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው። ታዲያ ውይይቱ በባዕድ ቃላት ተሞልቶ ሕጉ በአማርኛ ሲጸና፣ ተወያዮቹ ምን እንደ ተስማሙ በምን ያውቃሉ? ተማሪ ያልገባውን ጥያቄ በትክክል እንዲመልስ እንደማይጠበቅ ሁሉ፣ ነጋዴም ያልገባውን ረቂቅ ሊያርም አይችልም።

ስለዚህ፦

1ኛ/ ማናቸውም ረቂቅ በቀላል አማርኛ ከተጻፈ ማብራሪያ ጋር በጋዜጣና በራዲዮ ይነገር፤ በየከተማውም ንግድ ምክር ቤት ይለጠፍ።

2ኛ/ ከቀረበው አስተያየት የተወሰደውና የተጣለው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ።

3ኛ/ መመሪያው ሥራ ላይ ከዋለ ከአንድ ዓመት በኋላ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ታናናሾቹንም ነጋዴዎች ጠርቶ ውጤቱን ይመርምር።

ይህን ስል ሕግ በነጋዴ ልክ ይሰፋ ማለቴ አይደለም። ነጋዴውም ሲጠራ ትርፉን ብቻ ይዞ መቅረብ የለበትም፤ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን በአደራ የሰጠው ደንበኛም ጠበቃ ያስፈልገዋልና። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሳይጠይቁ ያወጡትን መመሪያ መልሶ ከመልቀም፣ አስቀድሞ ጠይቆ ማውጣት ለመንግሥትም ለነጋዴም ይቀላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር