ወደብና ጎተራ

የአንድ አገር ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዕለት ምግቡን ነው። ሕግ ቢሠራ፥ ትምህርት ቤት ቢከፈት፥ መንገድ ቢዘረጋ፥ ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ የሚታየው ማታ በየቤቱ የሚበላ ሲገኝ ነው። ስለዚህ እህል ከየት ይመጣል፥ በማንስ እጅ ያልፋል፥ ለስንት ቀን የሚበቃስ ተከማችቷል ብሎ መጠየቅ ከመንግሥት ሥራዎች ሁሉ ዋነኛው ነው። ይህን ነገር ለማስተዋል በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የምትገኘውን የላይቤሪያን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

የላይቤሪያ ሰው ዋና ምግቡ ሩዝ ነው። ሌላ ነገር ምንም ያህል ቢመገብ፥ ሩዝ ካልቀመሰ በዚያ ቀን እንደ በላ አይቆጥረውም ይባላል። ምድሪቱም ለሩዝ የምትነፍግ አይደለችም፤ ዝናቧ ብዙ ነው፥ ገበሬዎቿም ደኑን መንጥረው በኮረብታው ላይ ሩዝ መዝራትን ከአባቶቻቸው ተምረዋል። ይሁን እንጂ አገሪቱ ከምትመገበው ሩዝ ብዙውን እጅ የምታገኘው ከባሕር ማዶ በመርከብ አስጭና ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፥ ነገሩ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። በ1919 ዓ.ም. የፋየርስቶን ኩባንያ እስከ 1 ሚሊዮን ኤከር የሚደርስ መሬት ለ99 ዓመት ተዋውሎ የጎማ ዛፍ ተከለ። ኋላም የብረት ማዕድን ተከፈተ። ብዙ ጎልማሶች የአባታቸውን እርሻ እየተዉ ወደ ጎማው ተክልና ወደ ማዕድኑ ሄዱ፤ ለጎማው ሠራተኞችም ከውጭ የመጣ ሩዝ በቅናሽ ዋጋ ይሸጥላቸው ነበር። በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ርዳታ የተሠራው የሞንሮቪያ ወደብ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ትልልቅ መርከቦች ወደ ምድር ተጠግተው ማራገፍ ቻሉ። ጎማውና ብረቱ ይወጣል፥ ሩዙ ይገባል። ልውውጡ ለጊዜው ትርፍ ያለበት ይመስል ነበር፤ ዳሩ ግን የአገሪቱ ጎተራ ከገበሬው ደጅ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ዳር ሄደ።

እህል በባሕር የሚመጣበት መንገድ ረዥምና ብዙ እጅ የሚገባበት ነው። ለምሳሌ በምሥራቅ ህንድ ከምትገኘው ከካኪናዳ ወደብ ሩዝ ጭኖ የተነሣ መርከብ የህንድን ውቅያኖስ አቋርጦ፥ የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ዞሮ፥ ከብዙ ሳምንት ጉዞ በኋላ ሞንሮቪያ ይደርሳል። አስመጪው ነጋዴ አስቀድሞ ዶላር ማግኘትና በባንክ ዋስትና መግዛት አለበት። መርከቡም ለማራገፍ ከተወሰነለት ቀን በላይ ቢቆይ ስለ እያንዳንዱ ቀን መቀጫ ይከፈላል። ሞንሮቪያ ደግሞ በዓለም ካሉት ዋና ከተሞች ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው አንዷ ናት፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ወራት ዝናቡ በወረደ ቁጥር ሩዙ እንዳይርስ የመርከቡ ጎተራ ይከደናል፥ ሥራውም ይቆማል። የዚህ ሁሉ ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በገዢው ሕዝብ ላይ ነው። በዚያው ወራት ወደ ገጠር የሚወስደው የአፈር መንገድ በጭቃ ይበላሻል፤ በገጠሩም አሮጌው እህል ያለቀበት፥ አዲሱም ገና ያልደረሰበት የችግር ወቅት ይኸው ነው።

የዚህ ነገር አደጋ በገሃድ የታየው በ1971 ዓ.ም. ነው። በፕሬዚዳንት ዊልያም ቶልበርት ዘመን የእርሻ ሚኒስቴር 100 ፓውንድ የሚመዝነው የሩዝ ከረጢት ዋጋ ከ22 ዶላር በላይ ከፍ እንዲል ሐሳብ አቀረበ። ከውጭ የሚገባው ርካሽ ሩዝ የአገሩን ገበሬ ስላደከመው፥ ዋጋው ቢጨምር ገበሬው በርትቶ ያርሳል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ነቀፋ የሚገኝበት አይመስልም። ነገር ግን የከተማው ድኃ ከደመወዙ ብዙውን የሚያወጣው ለዚያ ከረጢት ነበር፤ ደግሞም የፕሬዚዳንቱ ቤተ ዘመዶች ከሩዝ እርሻና ንግድ ይጠቀማሉ የሚል ወሬ በሕዝቡ ዘንድ ተሰራጭቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን በሞንሮቪያ የተነሣው የተቃውሞ ሰልፍ ወደ ተኩስና ወደ ዘረፋ ተለወጠ፤ ቢያንስ 40 ሰዎች ሞቱ፥ ብዙዎች ቆሰሉ፥ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘረፉ። የዋጋውም ጭማሪ ቀረ። በሐምሌ ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በዚያችው ከተማ ተሰብስበው ቶልበርት ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ነገር ግን በሕዝቡና በመንግሥቱ መካከል የፈረሰው መተማመን አልተጠገነም። ሚያዝያ 4 ቀን 1972 ዓ.ም. ወታደሮች ተነሥተው ፕሬዚዳንቱን ገደሉ፥ መንግሥቱም ወደቀ። ለውድቀቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም የሩዙ ነገር ቁስሉን ከገለጡት አንዱ እንደ ነበረ አይካድም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የሥራን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። ገበሬ ዋጋ ስለ ጨመረ ብቻ ብዙ አያመርትም። ምርቱን ወደ ገበያ የሚያወጣበት መንገድ፥ ሩዙን የሚፈለፍልበት መኪና፥ የተመረጠ ዘር፥ ከአይጥና ከርጥበት የሚጠብቅበት ጎተራ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሳይቀድሙ ዋጋው ቢወደድ፥ ጭማሪው ገበሬው እጅ ሳይደርስ በአስመጪው ሣጥን ውስጥ ይቀራል፥ ድኃውም ይራባል። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሹማምንት ነው፤ ስለ ሕዝብ እህል የሚወስን ሹም ከእህል ንግድ ትርፍ እጁን ንጹሕ ማድረግ፥ ንጹሕ መሆኑንም ሕዝቡ እንዲያውቀው ማድረግ ይገባዋል።

ደግሞም የሻጩ አገር በር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይኖርም። በ2000 ዓ.ም. ህንድና ቬትናም ወደ ውጭ የሚሸጡትን ሩዝ በገደቡ ጊዜ፥ በጥር ወር በቶን ከ400 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው የታይላንድ ሩዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1000 ዶላር ተጠጋ። ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ሩዝ 40 በመቶ ያህሉን የምታቀርበው ህንድ፥ ባስማቲ ያልሆነው ነጭ ሩዝ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጸና። ህንድ አስቀድማ ለራሷ ልጆች በማሰቧ የምትወቀስ አይደለችም፤ በጭንቅ ቀን ማንኛውም አገር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚወቀሰው የጎረቤቱን ሙዳይ የራሱ አድርጎ የቆጠረ ነው።

የመጻሕፍትን ትርጓሜ ለሚያውቁ ሁሉ የዮሴፍ ታሪክ የተሰወረ አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ በየከተማው ጎተራ አከማቸ፤ ረኃቡ በመጣ ጊዜም ግብፅ ለራሷ በልታ ለሌላው ተረፈች። ጎተራው በየከተማው መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ በአንድ ሥፍራ ብቻ የተከማቸ እህል መንገድ ሲዘጋ ለሩቁ ሰው አይደርስለትምና። ካህናትም ማከማቸት በእግዚአብሔር መግቦት አለመታመን እንዳይመስል ይህን ታሪክ ለሕዝቡ ቢያስተምሩ ትልቅ ርዳታ ነው።

ኢትዮጵያም ዛሬ ሩዝ ከውጭ ከሚያስመጡ አገሮች አንዷ ናት፤ የባሕር በር ስለሌላትም ወደ እርስዋ የሚመጣው ጭነት አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በሌላ ወገን ርብና ጉማራ እየሞሉ በሚያጥለቀልቁት በፎገራ ሜዳ፥ ቀድሞ ውኃ ይተኛበት የነበረው መሬት ዛሬ ሩዝ ያበቅላል፤ በወረታም የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቁሟል። እንግዲህ ለፎገራ ገበሬ የሚደረገው ርዳታ፥ መንገዱም መፈልፈያውም ጎተራውም፥ የችግር ቀን ሳይደርስ የሚፈጸም መሆን አለበት።

መርከብ ለጎደለው መሙያ ይሆን ዘንድ መልካም ነው፤ ወደብም ለአገር ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ብልህ የቤት ጌታ በሩን ከፍቶ እንግዳ ከመጠበቁ በፊት ጎተራውን ገልጦ ያያል። በጥጋብ ወራት ይህን ያደረገ ሹም፥ በረኃብ ወራት ከሕዝቡ ፊት ሳያፍር ይቆማል።