የስልክ ዋጋ በሱቅ ብቻ ተከፍሎ አያበቃም

የሞባይል ስልክ የሚገዛ ሸማች አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። በስልኩ ውስጥ የተጫኑትን ፕሮግራሞች መርምሮ ማወቅ ስለማይችል፣ የግል መረጃውን ደህንነት በአምራቹ ስም ላይ ይጥላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ይፋ የሆነ ምርመራ ይህ እምነት ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። አፕስትሪም የተባለው የቴክኖሎጂ ኩባንያ እንዳስታወቀው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተሰኙ ጎጂ ፕሮግራሞች ተገኝተዋል። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ለሚጠየቅባቸው አገልግሎቶች በመመዝገብ የአየር ሰዓቱን ይጨርሳሉ። ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ስልኮች 19 ነጥብ 2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች መመዝገባቸውም ተገልጿል። አምራቹ ትራንሽን በበኩሉ ችግሩ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ ድርጅት የተፈጠረ መሆኑንና ማስተካከያ ማድረጉን አስታውቋል።

ይህ ሲባል ግን ውድ ዋጋ በራሱ ዋስትና ነው ማለት አይደለም። አፕል ሲሪ በተሰኘው አገልግሎቱ የተጠቃሚዎችን ንግግር ያለፈቃድ ቀድቷል በሚል የቀረበበትን ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት መስማማቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆኗል።

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ኃላፊነት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ሕግ ጥፋተኛውን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጉዳቱን አስቀድሞ ለመቀነስ የሚቻለው ግን በግዥ ወቅት ነው። መሥሪያ ቤቶች የዜጎች መረጃ የሚያዝባቸውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሲገዙ፣ ከዋጋው ጎን ለጎን አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ በጨረታ ሰነዳቸው ሊጠይቁ ይገባል።