ማስተሪንግ እንደ ትርጓሜ፦ በወለጋ የሚቀዱ ዜማዎች ጥሬ ቅጂ ለምን ይጠበቅ?

በኢትዮጵያ የሙዚቃ አልበሞች ሽፋን ላይ ከግጥም፣ ከዜማና ከቅንብር ባለቤቶች ስም ቀጥሎ «ሚክሲንግ» እና «ማስተሪንግ» የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። ሚክሲንግ ለየብቻ የተቀዱ ድምፆችን አመጣጥኖ ማዋሐድ ሲሆን፣ ማስተሪንግ ደግሞ ያለቀውን ውሕድ ተቀብሎ ለሥርጭት ማዘጋጀት ነው። ይህ የመጨረሻ ሥራ እንደ ቴክኒካዊ ማጠናቀቂያ ብቻ ስለሚቆጠር የድምፅ ሰነድ በሚሰበስቡ ተመራማሪዎች ዘንድ በቀላሉ ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ማስተሪንግ ትርጓሜ ነው የሚል ነው። ስለሆነም በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ የሚቀዱ ባህላዊ ዜማዎች ማስተር ያልተደረገ ቅጂ ሳይነካ ሊቀመጥ ይገባል።

ለውጡን በጌረርሳ ማሳየት ይቻላል። በዚህ የኦሮሞ ሥነ ቃል ዘርፍ አንድ ዘፋኝ ጀግንነትን፣ አደንን፣ ብሶትንና የሕይወትን ውጣ ውረድ ያወሳል። ድምፁን ከፍ ማድረጉ፣ ዝቅ ማለቱና ትንፋሽ ለመውሰድ ማረፉ የመልእክቱ አካል ናቸው። ኮምፕረሰር የተባለው መሣሪያ በጉልሁና በዝቅተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት ያጠባል። ከዚያ በኋላ አጠቃላዩ ድምፅ ከፍ ሲደረግ ትንፋሹና የአድማጩ ማጉረምረም ወደ ዘፋኙ ድምፅ ይጠጋሉ። ሊሚተር ድምፁ ከተወሰነለት ጣሪያ እንዳያልፍ ሲገታ የከበሮው ምት ስለቱን ያጣል። ኢኳላይዘር ደግሞ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ክልል ካጎላ ተነባቢዎቹ ይጠራሉ፤ ከእነርሱም ጋር የማሲንቆው ደጋን ፍትጊያ ይጎላል። አንድም ቃል ሳይጨመር ወይም ሳይቀነስ አቀራረቡ ሌላ ይሆናል።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ማስተር ከተደረገ ፋይል ላይ የድምፅን ኃይል የሚለካ የቋንቋ ወይም የሙዚቃ ተመራማሪ፣ ከዘፋኙ ይልቅ የኮምፕረሰሩን ውሳኔ ሊለካ ይችላል። የቃናና የርዝመት ልኬቶች በአብዛኛው ሳይዛቡ ሊቆዩ ቢችሉም፣ የትኛው ቃል በኃይል እንደተባለ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ይደበዝዛል። ጥሬው ቅጂ ከጠፋ ደግሞ ስሕተቱን የሚያርም ሌላ ምንጭ አይኖርም።

በአንጻሩ ጠንካራ ማስተሪንግ አስፈላጊ ነው የሚሉ ወገኖች ምክንያት አላቸው። ዘፈኑ የሚደመጠው በሚኒባስ፣ በካፌና በእጅ ስልክ ነው። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ በሚገባ አያወጣም፤ የመኪና ሞተርም ለስለስ ያለውን ክፍል ይውጠዋል። ለገበያ በሚወጣ ሥራ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው። ሆኖም ድምፅን እስከ ጣሪያው መግፋት ይሰጥ የነበረው ብልጫ ቀንሷል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ዘዴ ካወጣ በኋላ፣ የሥርጭት ተቋማት ሥራዎችን በአንድ ደረጃ ማስተካከል ጀምረዋል። ስፖቲፋይ በመደበኛ አሠራሩ የሚጠቀመው ደረጃ ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ ነው። በዚህ ስሌት ከዜሮ በታች 8 ሉፍስ ላይ የተዘጋጀ ዘፈን በ6 ዴሲቤል ዝቅ ይደረጋል። ጉልህነቱ ይቀራል፤ የተጨፈለቀው ምት ግን እንደተጨፈለቀ ይደመጣል።

ወለጋ የቃል ሀብትን በሰነድ በማቆየት ረገድ ትልቅ ቅርስ አለው። አስቴር ጋኖና ኦነሲሞስ ነሲብ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ግጥሞችን የያዘውን የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ምፅዋ አጠገብ አሳትመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ መጥተውም በነቀምቴ ትምህርት አስፋፍተዋል። በዘመናቸው ሊያቆዩት የቻሉት ቃሉን ነው፤ የተናጋሪዎቹ ድምፅ አብሮ ሊቆይ አልቻለም። የዛሬው ተመራማሪ ድምፁንም ማቆየት እየቻለ ለጉልህነት ሲል ቢቀይረውና ጥሬውን ቢጥለው፣ ጥፋቱን በመሣሪያ እጦት ማሳበብ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በነቀምቴ የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲና መሰል ተቋማት ሦስት ልማዶችን ቢያጸኑ ይበጃል። አንደኛ፣ ለጥናት የተቀዳ ድምፅ ሁሉ ሳይነካ በ24 ቢትና ቢያንስ በ48 ኪሎ ኸርዝ ይቀመጥ፤ ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር የሚመክረውም ይህንኑ ዝቅተኛ ልክ ነው። ሁለተኛ፣ ማስተር የተደረገ ቅጂ ሲዘጋጅ የተደረገው ለውጥና የሠራው ባለሙያ ይመዝገቡ። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ሲነጻጸሩ በእኩል ጉልህነት ይደመጡ፤ ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ የመቀበል ዝንባሌ አለውና።

ይህ ሁሉ ከአንድ ተጨማሪ ፋይልና ከአንድ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። ማስተር የተደረገው ቅጂ ለዛሬ አድማጭ ይድረስ፤ ጥሬው ግን ሽማግሌው ዘፋኝ የት ላይ ድምፁን እንዳነሣና የት ላይ ዝም እንዳለ ለሚጠይቅ የነገ ተመራማሪ ይቆይ።