የጊኒ ፒግ ፀጉር ሲረግፍ እናት ምን ታድርግ?

በቅርቡ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ በመጀመሪያ ፈገግ አሰኝቶን ነበር። አንብበን ስንጨርስ ግን ነገሩ የሚያሳስብ ሆኖ አገኘነው። ጸሐፊዋ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ እናት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፤

«የ9 ዓመት ሴት ልጄ አባቷን ለምና ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ አስገዛች። ፀጉሯ ዳማ በመሆኑ ስሟን ዳማ አለቻት። ሁለት ዓመት ያህል በደኅና ከኖረች በኋላ ከአንድ ወር ወዲህ ቀን ከሌት ታክ ጀመር። ትከሻዋና ጀርባዋ ላይ ፀጉሯ ረግፎ ቆዳዋ ቅርፊት አውጥቷል። ልትጠይቀን ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ‹አይጥ በቤት አስቀምጣችሁ ደግሞ ታስታምማላችሁ?› ብላ ከሳቀች በኋላ ቅቤና ነጭ ጋዝ ለውሰን እንቀባት አለችን። እኔ ደግሞ ለልጄ ጉሮሮ ታዝዞ የተረፈ አሞክሲሲሊን ስላለኝ ጥቂት በውኃ በጥብጬ ላጠጣት አስቤአለሁ። ትናንት ልጄ ልታቅፋት ስትነካት ወደቀችና ተንፈራገጠች። ከዚህም በላይ የ4 ዓመቱ ልጄ ክንድ ላይ ክብ ነገር ወጥቶበታል። ባለቤቴ እንስሳዋ ዛሬውኑ ከቤት ትውጣ ይላል። ልጄ ደግሞ ዳማ ከወጣች እህል አልቀምስም ብላለች። ምን ላድርግ?»

እኅታችን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመው ነጭ ጋዙንም አሞክሲሲሊኑንም ወደ ነበሩበት ይመልሱ። ነጭ ጋዝ የቆሰለ ቆዳን ያቃጥላል፤ እንስሳዋም ገላዋን ስትልስ ወደ ሆዷ ገብቶ ይመርዛታል። አሞክሲሲሊን ለልጅዎ መድኃኒት ቢሆንም ለጊኒ ፒግ ገዳይ ነው። ይህች እንስሳ ሣር የምትፈጨው በአንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አማካይነት ነው። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊንና እነዚህን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በአፏ ሲሰጧት ጠቃሚዎቹን ገድለው መርዝ አመንጪ የሆኑት እንዲራቡ ያደርጋሉ። እንስሳዋም በጥቂት ቀናት ውስጥ በተቅማጥ ልትሞት ትችላለች። ስንት ልጅ ያለቀሰላት እንስሳ የሞተችው በበሽታዋ ሳይሆን በተሰጣት መድኃኒት ነው!

እናትዎ መሳቃቸው አያስደንቅም። እንስሳዋ በስም አሳማ ትባል እንጂ ከአይጥ ወገን ናት። የትውልድ አገሯም ጊኒ ሳይሆን የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች አካባቢ ነው። በፔሩ፣ በቦሊቪያና በኢኳዶር ገበሬዎች ለሥጋዋ ሲሉ ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ በየጓዳቸው ሲያረቧት ኖረዋል። ወደ አውሮፓ በ16ኛው መቶ ዘመን ከተወሰደች በኋላ የልጆች ማጫወቻ ሆነች። ሙሉ ዕድሜዋ ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ ክብደቷም አንድ ኪሎ ገደማ ነው።

የፀጉር መርገፍ በራሱ በሽታ አይደለም፤ የበሽታ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን በቅባት ሸፍኖ ማባረር የላከውን አያስታርቅም። ስለዚህ ፀጉሯ ከየት ላይ እንደረገፈ፣ ታክ ወይም አታክ እንደሆነና ቆዳዋ ጤነኛ ወይም የቆሰለ መሆኑን አስተውሎ መመልከት ይገባል። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ትንሽ ራቁት ቦታ ግን የተፈጥሮ ስለሆነ አያስደነግጥም።

እከክ

እርስዎ በጻፉት ምልክት ቀድሞ የሚጠረጠረው እከክ ነው። አምጪው በዓይን የማይታይ ቆዳ ውስጥ የሚቦረቡር ተባይ ነው። ትከሻን፣ ጀርባን፣ ጎንንና የጭንን ውስጥ ይይዛል፤ ቆዳውም ይወፍራል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ይሰነጠቃል። ማሳከኩ እጅግ ከባድ ከመሆኑ የተነሣ እንስሳዋ ስትነካ ወድቃ እስከ መንፈራገጥ ትደርሳለች። ትናንት ልጅዎ ያየችው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሌላ ሳምንት መጠበቅ አይገባም። የተረሳ እከክ እንስሳዋን ከምግብ አግዶ ይገድላልና።

ሕክምናው አስቸጋሪ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ብዙውን ጊዜ አይቨርሜክቲን ወይም ሴላሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ይሰጣል። የመጀመሪያው በአገራችን ኦንኮሰርኪያሲስ ለተባለው ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ለሰው የሚታደለው ነው። መድኃኒቱ የተባዩን እንቁላል ስለማይገድል በየአንድና ሁለት ሳምንቱ መደገም አለበት። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ማከኳ ቢቀንስም «ዳነች» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ለፈረስና ለላም የተዘጋጀውን ከሱቅ ገዝቶ በግምት መስጠት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ያ መድኃኒት የተመጠነው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎዋ ጠብታው እንኳ ሊበዛባት ይችላል።

ጭርት

የትንሹ ልጅዎ ክንድ ላይ የወጣው ክብ ነገር ግን ሌላ ጥርጣሬ ያስነሣል። በእኛ አገር በገላ ላይ ሲወጣ ጭርት፣ በራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር የምንለው የፈንገስ በሽታ ጊኒ ፒግንም ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍንጫ፣ በዓይንና በጆሮ ዙሪያ ሲሆን ክብ ክብ የሆነ ፎረፎር ያለው መላጣ ያወጣል። ማሳከኩ እንደ እከኩ አይበረታም። ፀጉሯ ደኅና መስላ የምትታይ እንስሳም ፈንገሱን ተሸክማ ልታስተላልፍ ትችላለች። ከሁሉ ይልቅ የሚጋባው በልጆች ላይ ነው።

የእንስሳዋ እከክም ቢሆን በአቀፋት ሰው ገላ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን በሰው ላይ ስለማይራባ እንስሳዋ ስትታከም ይጠፋል። ጭርት ግን በራሱ መድኃኒት መታከም አለበት። በመሆኑም ትንሹን ልጅ ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ በቤትዎ ፀጉሯ የረገፈ እንስሳ መኖሯንም ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩ። ይህ አንድ ቃል ምርመራውን ያሳጥራል። የእንስሳዋም ሐኪም ከቆዳዋ ፍቆና ከፀጉሯ ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ካየ ወይም በላቦራቶሪ ካስመረመረ በኋላ ሁለቱን ይለያል። ሁለቱ በአንድነት የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

ምግብ

ጊኒ ፒግ ከብዙ እንስሳት በአንድ ነገር ትለያለች፤ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በገላዋ ውስጥ መሥራት አትችልም። በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ሐኪሞች እህል ብቻ የተመገቡ ጊኒ ፒጎች እንደ መርከበኞቹ በስኩርቪ በሽታ መያዛቸውን በማሳየታቸው፣ የበሽታው ምክንያት የምግብ ጉድለት መሆኑን ለማወቅ መንገድ ከፍተዋል። ጉድለቱ በእንስሳዋ ላይ ሲደርስ ፀጉሯ ይሻክራል፣ ቆዳዋ ይቀረፋል፣ ቁስሏ አይሽርም፣ ድዷ ይደማል፣ መገጣጠሚያዎቿም አብጠው ታነክሳለች። የደከመ ገላ ደግሞ ለእከክና ለፈንገስ በር ይከፍታል።

የሚያስፈልጋት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 10 ሚሊግራም፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች 30 ሚሊግራም ነው። ይህንንም ከማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ፣ ከጎመንና ከፐርሰሊ ታገኘዋለች። የፋብሪካ መኖ ቫይታሚን የተጨመረበት ቢሆንም ከተሠራ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ኃይሉን ስለሚያጣ ብዙ ገዝቶ ማከማቸት አይጠቅምም። በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚሟሟውም ቶሎ ስለሚበላሽ አስተማማኝ አይደለም። ዋናው ምግቧ ግን ቀኑን ሙሉ ከፊቷ የማይጠፋ ድርቆሽ ነው።

ሌሎች ምክንያቶች

በሴቷ በግራና በቀኝ ጎኗ ላይ ፀጉሩ እኩል ሳስቶ ወይም ረግፎ፣ ሳታክና ቆዳዋም ሳይቆስል ከታየ፣ በእንቁላል ማፍሪያዋ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ መኖሩ ይጠረጠራል። ይህ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ በሆናቸው ላይ የተለመደ ነው፤ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ወይም በሆርሞን መርፌ ያክመዋል። በእርግዝናዋ መጨረሻና ከወለደች በኋላ ግን ፀጉሯ ቢሳሳ በራሱ የሚመለስ ነው።

ፀጉሩ በመቀስ የተቆረጠ መስሎ አጥሮ፣ ቆዳው ግን ንጹሕ ከሆነ፣ ራሷ ወይም ጓደኛዋ እያኘከችው ነው ማለት ነው። ምክንያቱ የቦታ መጥበብ፣ የድርቆሽ ማነስ ወይም መሰልቸት ነው። ጊኒ ፒግ በተፈጥሮዋ በመንጋ የምትኖር ስለሆነች ብቸኝነት ይጎዳታል። በስዊዘርላንድ በ2008 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማኖርን የከለከለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ዳማ ሳትድን ሁለተኛ እንዳይገዙላት፤ በሽታውን ለአዲሲቱ ማስተላለፍ ይሆናል።

ሆዷ ሥርና እግሯ ላይ ፀጉሩ ረግፎ ከቀላ፣ ጥፋቱ የእርጥብ ጉዝጓዝ ነው። የሽቦ ወለልም መዳፏን ያቆስላል።

ዛሬ የሚደረገው

እንግዲህ እኅታችን፣ በቅደም ተከተል እንዲህ ያድርጉ።

አንደኛ፣ ትንንሽ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዛሬውኑ በስልክ ይፈልጉ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ጊኒ ፒግን አያውቃትምና አስቀድመው ይጠይቁ። መንፈራገጧንም ይንገሩ። ምግብ ካቆመች ሌላ ቀን አይጠብቁ፤ ለአንድ ቀን ያህል ሳትበላ መዋል ለእርሷ ብርቱ አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ እስኪያያት ልጆቹ አያቅፏት። አንድ አዋቂ ጓንት አጥልቆ ያጽዳት፤ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ። አታጥቧት፣ ምንም ቅባት አትቀቧት፤ ለውሻና ለድመት የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም አታድርጉባት።

ሦስተኛ፣ ጉዝጓዟን በሙሉ አውጥተው በላስቲክ ከረጢት አሥረው ይጣሉ። እርሷን በሌላ ሣጥን አድርገው ቤቷን በሳሙና ይጠቡ፤ ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ አቅጥነው ይወልውሉት፣ አጥበውም ያድርቁት። የፈንገሱ ዘር በምንጣፍና በጨርቅ ላይ ለብዙ ወራት ስለሚቆይ ያረፈችበት ጨርቅ ሁሉ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። አዲሱ ጉዝጓዝ የጥድ ወይም የዝግባ ፍቅፋቂ ባይሆን ይመረጣል፤ ሽታው ቆዳዋንና ሳምባዋን ያስቆጣል።

አራተኛ፣ በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ መዝነው ይጻፉ። ክብደቷ መቀነሱ ፀጉሯ ሳይረግፍ በፊት ይነግርዎ ነበር። ከአንድ ወር በፊት በቤትዎ ምን እንደተለወጠም ያስታውሱ፤ አትክልቱ ቀርቶ ይሆን? አዲስ ድርቆሽ ተገዝቶ ይሆን? የቆየ እከክ ተደብቆ ቆይቶ ገላዋ ሲደክም ብቅ ይላልና ሐኪሙ ይህንን መጠየቁ አይቀርም።

ስለ ልጅቷ

የባለቤትዎ ሐሳብ ትንሹን ልጅ ከመጠበቅ የመጣ በመሆኑ አይነቀፍም። ይሁን እንጂ እከክም ሆነ ጭርት የሚድኑ በሽታዎች ናቸው። አሁን ብትወጣ ፈንገሱ በምንጣፉ ላይ ይቀራል፤ ልጅቷም የታመመ ከቤት እንደሚጣል ተምራ ታድጋለች። ከዚህ ይልቅ ሕክምናው ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቀድመው በስልክ ጠይቀው ከባለቤትዎ ጋር ይመካከሩ።

ለልጅዎም እውነቱን ይንገሯት። ዳማ ታማለች፤ የምትድንም ይመስለናል፤ እስክትድን ግን አትታቀፍም ይበሏት። ማቀፉ ቢቀርባትም ሥራ አይጣባት። ድርቆሹን አዋቂው እንዲያስገባ ታስታውስ፣ የቃሪያውን ቁራጭ ታዘጋጅ፣ የሚዛኑን ቁጥር በደብተሯ ትጻፍ፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው መርፌ ቀን እንዳይረሳ ትቍጠር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእንስሳ ጤና ኃላፊ ልትሆን አትችልም፤ ኃላፊው አዋቂው ነው። እህል አልቀምስም ያለችው ግን ማንም የማይሰማት መስሏት ይሆናልና፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አብራችሁ ውሰዷት።

ለእናትዎ ሰላምታችንን አድርሱልን። ቅቤውን ለወጥ ያቆዩት፤ ነጭ ጋዙን ግን ልጆች ከማይደርሱበት ያርቁት። ሐኪሙ ያለዎትን ቢጽፉልን ደስ ይለናል። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።