ያሸነፈ ሁሉን ይውሰድ እስከ መቼ?

«የአዲስ አበባ ሕዝብ ልቡ አይታወቅም፤ ትናንት ይህን፣ ዛሬ ያን ይመርጣል» የሚል አባባል ከመምህር እስከ ተማሪ ሲደጋገም እንሰማለን። በምግብ አዳራሹ ይነገራል፤ አልፎ አልፎም በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ይነገራል። እኛ ግን ይህን ስድብ አንቀበልም። ጥፋቱ የሕዝቡ ልብ ሳይሆን የድምፅ አቆጣጠሩ ደንብ ነው እንላለን። ምስክራችንም የከተማዪቱ የምርጫ ታሪክ ራሱ ነው።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምቱ ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ነው ተባለ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በቃህ አለውና በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። ከዚያም እስከ 1965 ዓ.ም. በየ4 ዓመቱ ምርጫ ነበረ። ይሁን እንጂ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመመረጥም በምርጫው ክልል ውስጥ ንብረት ሊኖር ይገባ ስለ ነበር ደሃው ከደጅ ቀረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንኑ ፓርላማ ዘጋው። በ1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥ፣ መራጩ የቀረበለት ገና ከመነሻው በኢሠፓ ወንፊት ያለፈ ዕጩ ነበር።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነው። አሁን የምንከሰው ግን ያላለፈውን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከየምርጫ ክልላቸው ዕጩዎች መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ደነገገ። አዲስ አበባም 23 የምርጫ ክልል ሆና ከ547ቱ መቀመጫዎች 23ቱን ያዘች። ደንቡ ሲነበብ ቅን ይመስላል። ሥራው ግን ሌላ ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና በአንድ የምርጫ ክልል 1000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው ዕጩ 400፣ ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 250 ድምፅ አገኙ። መቀመጫው የአንደኛው ነው። 600 ሰው ግን ቤቱ እንደ ተኛ ተቆጠረ። ይህ ነገር በ23ቱም ክልሎች ቢደገም ከመራጩ ከግማሽ በታች የሆነው ወገን ከተማዪቱን ጠቅልሎ ይወስዳል። ማግስቱን ጋዜጣው «አዲስ አበባ እገሌን መረጠች» ብሎ ይጽፋል!

ታሪኩን እንመልከት። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫ በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫም 137ቱን አገኘ። በዚያን ቀን ኢሕአዴግን የመረጠ ሰው በከተማዪቱ አልነበረምን? በሺህ የሚቆጠር ነበረ፤ በፓርላማ ግን አንድ እንኳ የከተማ ተወካይ አላገኘም። ከዚያ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ውጤቱ አከራከረ፤ አጣሪ ኮሚሽን እንደ ቆጠረው 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ከተማዪቱም በባላደራ አስተዳደር ሥር ዋለች። በ2000 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት እንደገና ሲመረጥ ከ138ቱ 137ቱን የወሰደው ኢሕአዴግ ሆነ። ቁጥሩ ያው፣ ባለቤቱ ሌላ!

በግንቦት 2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከ23ቱ የፓርላማ መቀመጫ 22ቱን ያዘ። ከመላ አገሪቱ አንድ ብቸኛ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል፣ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ከአዲስ አበባ ገባ። በ2007 ዓ.ም. እርሱም ቀረና 547ቱም መቀመጫ ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ብልጽግና የከተማዪቱን መቀመጫዎች ከሞላ ጎደል ጠቀለለ። የመራጩ ልብ በ5 ዓመት ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገለባበጣል ብሎ የሚያምን ማነው? የሚገለባበጠው ሚዛኑ ነው።

ነገሩን ሁሉ በደንቡ ላይ እንደማንጥል ይታወቅልን። እስርና ፍርሃት፣ የጋዜጣ መታፈንና የተቃዋሚው ራሱ መከፋፈል በውጤቱ ላይ እጃቸው አለበት። ነገር ግን ያሸነፈ ሁሉን የሚወስድበት ምርጫ ፍርሃትን ያበዛል። መሸነፍ ማለት ከቤት መባረር ከሆነ ያለው የሙጥኝ ይላል፤ የሌለውም ተስፋ ይቆርጣል።

ይህን እኛ ብቻ አላየነውም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ርእሰ ብሔሩ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በምክር ቤቱ መክፈቻ ላይ ተመጣጣኝ ውክልና እንዲታከል የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ተናግረው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ግን አሮጌውን ደንብ እንዳለ አስቀመጠው። አንቀጽ 54ን ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ሊቀበሉት ይገባል። ሁሉን የወሰደ ወገን ይህን ለማድረግ ኃይሉ አለው፤ ፈቃዱ ግን ከወዴት ይመጣል?

«ተመጣጣኝ ውክልና መራጩን ከእንደራሴው ይለያየዋል» የሚሉን አሉ። እንጠይቃቸው፦ የክልላችሁን እንደራሴ ስም ታውቃላችሁን? በተጨማሪም ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፤ ጀርመኖች ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን መራጭ አንድ ድምፅ ለሰው፣ አንድ ድምፅ ለፓርቲ ማሰጠት ችለዋል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን! የማኅበራችን ምክር ቤት የሚመረጠው በዚያው በምንከሰው ደንብ ነው። በየፋኩልቲው አንደኛ የወጣው ቡድን መቀመጫውን በሙሉ ይወስዳል፤ የተሸነፈው ለዓመት ያኮርፋል፤ ከዚያም ማኅበሩ የጥቂቶች ነው ብለን እናማለን። ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ መቀመጫዎቹ እንደ ድምፁ መጠን እንዲከፋፈሉ ሐሳብ እናቀርባለን። መምህራኖቻችን ስሌቱን እንዲመረምሩልን፣ ጓዶቻችንም እንዲደግፉን እንጠይቃለን። ዛሬ የበዛን እኛ ብንሆንም፣ ነገ ጥቂቶች ስንሆን የሚሰማን እንዲኖር ነው።

የተሰጠ ድምፅ ሁሉ ዋጋ ይኑረው!